የራስ አውቶሪቲ ወይስ ካምፓኒ ሥር? ትራክ ላላችሁ ሾፌሮች ደረጃ በደረጃ

አሜሪካ ውስጥ ትራክ የገዛ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሐበሻ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይጠይቀኛል። «የራሴን አውቶሪቲ ላውጣ ወይስ ካምፓኒ ሥር ሆኜ ልሥራ?» አውቶሪቲ ማለት ጭነት በክፍያ ለማጓጓዝ የሚሰጥ የፌዴራል ፈቃድ ነው። በስልክ ለእያንዳንዱ ሰው ከመደጋገም አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። መልሱ ያለው የእናንተው ቁጥር ውስጥ ስለሆነ ካልኩሌተር አጠገባችሁ አድርጉ፤ ደረጃ ሳትዘሉ አብረን እንሂድ።

ካምፓኒ ሥር ስትሠሩ ጭነቱ የሚሄደው በካምፓኒው አውቶሪቲና በካምፓኒው የላይቢሊቲ ኢንሹራንስ (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው) ነው። ትራኩ፣ ነዳጁና ጥገናው የእናንተ ነው፤ ካምፓኒው ከሎዱ (ከጭነቱ) ዋጋ ፐርሰንት ይቆርጣል። የራሳችሁ አውቶሪቲ ሲኖራችሁ ግን ካምፓኒው እናንተ ናችሁ። ኢንሹራንሱም፣ ወረቀቱም፣ ብሮከሩን (ጭነት የሚያገናኘውን ደላላ) ማሳደዱም የእናንተ ሥራ ይሆናል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይለይ። እዚህ የማወራው ትራኩ በራሱ ስም ለሆነ ሰው ነው። ካምፓኒው ራሱ ትራክ ሰጥቷችሁ፣ ከሳምንት ክፍያችሁ እየቆረጠ «ሲያልቅ የእናንተ ይሆናል» የሚላችሁ ሊዝ ፐርቸስ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሥራችሁም ዕዳችሁም አንድ ሰው እጅ ላይ ነው። ሎድ ሲቀንስባችሁ ዕዳው አይቀንስም፤ ከተጣላችሁ ሁለቱንም በአንድ ቀን ታጣላችሁ። መንግሥት ያቋቋመው የትራክ ሊዝ ግብረ ኃይል በ2025 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ዓይነቱ ውል እንዲከለከል ሐሳብ አቅርቧል። ገና ካልፈረማችሁ ተጠንቀቁ።

አዘጋጁ

- ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) እና ጊዜው ያላለፈ የሕክምና ካርድ
- የመንጃ ታሪካችሁ፣ ቢያንስ የ3 ዓመት። ኢንሹራንስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው
- የትራኩ ታይትል ወይም የብድር ወረቀት
- ኤልኤልሲ (የድርጅት ምዝገባ) እና ኢአይኤን (የድርጅቱ የታክስ ቁጥር)። ኢአይኤን ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ በነፃ ነው፤ ለማንም አትክፈሉ
- ለሥራው ብቻ የሚሆን የባንክ ሂሳብ
- እየሠራችሁ ከሆነ የ3 ወር ሴትልመንት (ካምፓኒው የሚሰጠው የክፍያና የተቆራጭ ዝርዝር)፣ የነዳጅና የጥገና ደረሰኝ
- ያላችሁ ጥሬ ገንዘብ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ እውነተኛ ቁጥር። ከዘመድ እበደራለሁ የሚባለው አይቆጠርም

1. አንድ ማይል ስንት እንደሚያስወጣችሁ እወቁ

ይህ ቁጥር ከሌላችሁ የትኛው ሎድ እንደሚያከስራችሁ ማወቅ አትችሉም፤ ካምፓኒ ጋርም ብሮከር ጋርም የምትደራደሩበት መሠረት አይኖራችሁም።

ወጪውን ሁለት ቦታ ክፈሉት። ትራኩ ቢቆምም የሚከፈል አለ፤ የትራክ ብድር፣ የትራኩ የራሱ ጉዳት ኢንሹራንስ፣ ፓርኪንግ፣ ስልክ። ሲነዳ ብቻ የሚወጣ ደግሞ አለ፤ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ዘይት፣ ጥገና።

ለምሳሌ ቋሚው ወጪ በወር 2,700 ዶላር፣ የምትነዱት 9,000 ማይል ይሁን። በማይል 30 ሳንቲም ነው። ትራኩ በጋሎን 6.5 ማይል ቢሄድና ናፍጣ 4 ዶላር ቢሆን ነዳጁ በማይል 62 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። ለጥገናና ለጎማ 20 ሳንቲም አስቀምጡ። ድምሩ 1 ዶላር ከ12 ሳንቲም ሆነ። እዚህ ውስጥ የእናንተ ደመወዝም፣ የካምፓኒ ፐርሰንትም፣ የላይቢሊቲ ኢንሹራንስም ገና የለም።

ባዶ የሄዳችሁትን ማይል መቁጠር አትርሱ። ብሮከሩ 2 ዶላር ከ50 ቢላችሁ ያ ለተጫነው ማይል ነው። 600 ማይል ጭናችሁ ሎዱን ለማንሳት 150 ማይል ባዶ ከነዳችሁ፣ በእጃችሁ ያለው በማይል 2 ዶላር ብቻ ነው።

2. ሁለቱን ጎን ለጎን አስሉ

ዋናው ደረጃ ይሄ ነው። ካምፓኒ የሚወስደው ፐርሰንት ስለሆነ ብዙ በሠራችሁ ቁጥር ያድጋል። የራስ አውቶሪቲ ወጪ ግን አብዛኛው ቋሚ ነው፤ ሠራችሁም ተኛችሁም ይከፈላል።

በወር ግሮስ፣ ማለትም ምንም ሳይቀነስ የሚገባው፣ 18,000 ዶላር እንበል። ነዳጅ፣ ብድር፣ ትሬለርና ጥገና ሁለቱም ጋ ስላሉ እንተዋቸው።

ካምፓኒ ሥር፣ 20 ፐርሰንት ተቆርጦ 3,600 ይሄዳል። 14,400 ይቀራል።

በራስ አውቶሪቲ ደግሞ ላይቢሊቲና ካርጎ (የጭነቱ) ኢንሹራንስ 1,600፣ ሎድ ቦርድ (ሎድ የሚፈለግበት ድረ ገጽ) 150፣ ፈቃድና ሂሳብ ሠሪ 150፣ ድምር 1,900 በወር። ፋክተሪንግ (ብሮከሩ እስኪከፍል ሳትጠብቁ ገንዘቡን ቀድሞ የሚሰጣችሁ ድርጅት የሚወስደው) 3 ፐርሰንት ሲታከል 540። 15,560 ይቀራል። በ1,160 ዶላር የራስ አውቶሪቲ በለጠ።

እዚህ ላይ ግን አትቁሙ፤ ሰው የሚሳሳተው ይሄን አይቶ ሲሮጥ ነው። አዲስ አውቶሪቲ እንደ ቆየ ካምፓኒ ሎድ አያገኝም። ብዙ ብሮከሮች አውቶሪቲው 90 ቀን ወይም 6 ወር ካልሞላው ሎድ አይሰጡም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምታገኙት የተረፈውን ነው። ግሮሳችሁ በ10 ፐርሰንት ብቻ ቢቀንስ 16,200 ይሆናል። ከዚያ ላይ 1,900 እና 486 ቀንሱ፤ 13,814 ቀረ። አሁን ካምፓኒ ሥር ያለው በ586 ዶላር በለጠ።

የእኔን ቁጥር አትውሰዱ። የኢንሹራንስ ዋጋ እንደ ስቴቱ፣ እንደ መንጃ ታሪኩና እንደ ትራኩ ይለያያል፤ ከሁለት ሦስት ኤጀንት በጽሑፍ ጠይቁና በራሳችሁ ቁጥር ድገሙት። አንድ ጊዜ በደህና ወር፣ አንድ ጊዜ በክፉ ወር አስሉ። በክፉው ወርም የሚያኖራችሁን ምረጡ።

3. ገንዘባችሁንና ልምዳችሁን መዝኑ

በራስ አውቶሪቲ ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ብዙ ይወጣል። ኢንሹራንስ ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል። አውቶሪቲው እስኪነቃ ሳምንታት ይፈጃል። ብሮከር ደግሞ በተለምዶ በ30 ቀን ነው የሚከፍለው። በዚህ መሀል የሞተሩ ተርቦቻርጀር ቢበላሽ ትራኩም እናንተም ትቆማላችሁ።

እነዚህ ሦስቱ ካሏችሁ ወደ ደረጃ 5 እለፉ፦ ቢያንስ የ2 ዓመት የሲዲኤል ልምድ፣ ንጹሕ መንጃ ታሪክ፣ የ3 ወር የትራክና የቤት ወጪ በጥሬ ገንዘብ። አንዱ ከጎደለ ለአሁኑ ደረጃ 4 ላይ ቆዩ። ልምዱ ከጎደለ ብዙ ኢንሹራንሶች እምቢ ይላሉ ወይም የማይቻል ዋጋ ይጠራሉ። ገንዘቡ ከጎደለ ደግሞ የመጀመሪያው ብልሽት ይጥላችኋል።

4. ካምፓኒ ሥር ለምትገቡ፦ ውሉን እንዲህ አንብቡት

ይህን ግንኙነት የሚገዛ የፌዴራል ሕግ አለ። 49 ሲኤፍአር ክፍል 376 ይባላል። ብዙ ሰው ስለማያውቀው የሚገባውን ሳይጠይቅ ይቀራል። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ውሉ ላይ ፈልጉ።

*ፐርሰንቱ የምን ፐርሰንት ነው?* ከሁሉ በፊት ይህን ጠይቁ። ብሮከሩ 2,000 ዶላር ከፍሎ ለእናንተ 1,700 ተብሎ ቢነገራችሁና ከዚያ ላይ 20 ፐርሰንት ቢቆረጥ፣ እጃችሁ የሚገባው 1,360 ነው። ከእውነተኛው ዋጋ 32 ፐርሰንት ሄደ ማለት ነው። ክፍያችሁ በፐርሰንት ከሆነ ካምፓኒው የሎዱን ዋጋ የሚያሳየውን ሰነድ ኮፒ ከሴትልመንቱ በፊት ወይም አብሮ መስጠት በሕግ ግዴታው ነው። የደንበኛውን ስም ሊሸፍን ይችላል፤ ዋጋውን ግን አይሸፍንም። «እሱን አናሳይም» ካሉ ሌላ ካምፓኒ ፈልጉ። ነዳጅ ሰርቻርጅ (ለነዳጅ ዋጋ የሚታከለው ክፍያ) በስሌቱ ውስጥ መኖሩንም ጠይቁ።

*መቼ ይከፈላል?* የማድረሻ ወረቀቱንና ሎጉን (የመንዳት ሰዓት መዝገቡን) ካስረከባችሁ በ15 ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው።

*ምን ምን ይቆረጣል?* የሚቆረጠው ነገርና አሰላሉ በሙሉ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። እስቲ አንድ የሳምንት ሴትልመንት አብረን እንይ። ግሮስ 4,500። ካምፓኒው 900። ነዳጅ በካምፓኒው ካርድ 1,380፣ ትሬለር 225፣ ኢንሹራንስ 140፣ ኢኤልዲ (የመንዳት ሰዓት የሚመዘግበው መሣሪያ) 15፣ ኢስክሮ (መያዣ) 100፣ «ልዩ ልዩ» 60። የሚደርሳችሁ 1,680 ነው። አሁን መስመር በመስመር ጠይቁ። ነዳጁ ላይ ካምፓኒው ያገኘው ቅናሽ ለእናንተ ደርሷል ወይስ እዚያው ቀረ? 140ው የቱ ኢንሹራንስ ነው? የፖሊሲውን ማረጋገጫ የመጠየቅ መብት አላችሁ። 60 ዶላሩ ውሉ ላይ ከሌለ በምን መብት ተቆረጠ?

*ኢስክሮ።* ለመያዣ የሚቆርጡት ገንዘብ ነው። መጠኑ፣ ለምን እንደሚውልና እንዴት እንደሚመለስ ይጻፍ። ወለድ ሊታሰብበት ይገባል፤ ውሉ ካበቃ በኋላም በ45 ቀን ውስጥ የመጨረሻውን ሂሳብ አሳይተው መመለስ አለባቸው።

*የግዴታ ግዢ የለም።* ውሉን ለማግኘት ተብሎ ትራክ፣ ነዳጅ ወይም ኢንሹራንስ ከእነሱ እንድትገዙ ማስገደድ አይችሉም።

ከኢንሹራንስ በኩል፣ የካምፓኒው ላይቢሊቲ የሚሸፍናችሁ ለእነሱ ስትሠሩ ነው። ለራሳችሁ ጉዳይ ትራኩን ስትነዱ ቦብቴይል ወይም ኖን ትራኪንግ የሚባለው ያስፈልጋል። ለትራኩ ጉዳትና ለራሳችሁ አካል ጉዳት የሚሆነውንም ለብቻ ያዙ። ሠራተኛ ስላልሆናችሁ የሠራተኛ ካሳ አብዛኛውን ጊዜ አይመለከታችሁም።

ሎድ እምቢ ማለት ይቻላል ወይ? ለመውጣት የስንት ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል? ሰሌዳው በማን ስም ነው? እነዚህንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያዙ።

5. የራሳችሁን አውቶሪቲ ለምታወጡ፦ ቅደም ተከተሉ

ሀ. ኢንሹራንስ ዋጋ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ከዚያ አመልክቱ። ማመልከቻው የማይመለስ 300 ዶላር ነው፤ ኢንሹራንሱ የማይቻል ሆኖ ከተገኘ ብሩ ይበላል።

ለ. የትራክ ሥራን በሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በኤፍኤምሲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ የዲኦቲ ቁጥር (የካምፓኒያችሁ መለያ) እና አውቶሪቲውን፣ ማለትም ሰዉ ኤምሲ የሚለውን፣ ጠይቁ። የዲኦቲ ቁጥር በነፃ ነው። 300ው ለአውቶሪቲው ነው። ስማችሁ ኤልኤልሲው ላይ፣ ባንኩ ላይና ኢንሹራንሱ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ አንድ ፊደል ስትለያይ ፋይሉ ይንጠለጠላል።

ሐ. ቢኦሲ 3 አስገቡ። በየስቴቱ የፍርድ ቤት ወረቀት የሚቀበልላችሁ ወኪል መሰየሚያ ነው። ኤጀንሲዎች በትንሽ ዋጋ ይሠሩታል።

መ. ኢንሹራንሱ ፋይሉን ራሱ ለኤፍኤምሲኤስኤ ይልካል። ለአጠቃላይ ጭነት የሕጉ ዝቅተኛ 750,000 ዶላር ነው፤ ብሮከሮች ግን 1,000,000 ላይቢሊቲና 100,000 ካርጎ ይጠይቃሉ። ዝቅተኛውን ገዝታችሁ ሎድ ልታጡ ነውና ከመጀመሪያው እንደ ብሮከሮቹ ጥያቄ ግዙ።

ሠ. በመጠበቂያው ጊዜ ሌላውን ጨርሱ።
- ዩሲአር (የየዓመቱ የምዝገባ ክፍያ)፤ በ2025 እስከ 2 ትራክ ላለው 46 ዶላር
- አይአርፒ ሰሌዳ፤ ከስቴት ወደ ስቴት ለመንዳት
- ኢፍታ፤ የነዳጅ ታክስ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ
- ፎርም 2290 (የከባድ መኪና የመንገድ ታክስ)፤ ከ55,000 ፓውንድ ጀምሮ ይከፈላል፤ ከ75,000 በላይ ለሆነ በዓመት 550 ዶላር። የጁላይው ዙር የሚከፈለው እስከ ኦገስት 31 ነው። የተከፈለበት ወረቀት ከሌለ ሰሌዳ አይሰጣችሁም
- ኬንታኪ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ሜክሲኮና ኦሬገን የራሳቸው የመንገድ ታክስ ስላላቸው ከመግባታችሁ በፊት ተመዝገቡ

ረ. የዕፅና አልኮል ምርመራ ኮንሶርቲየም (ምርመራውን የሚያካሂድ የጋራ ቡድን) ውስጥ ግቡ፤ ክሊሪንግሃውስ በሚባለው የፌዴራል የምርመራ መዝገብ ላይም ተመዝግባችሁ ኮንሶርቲየሙን ሰይሙ። አንድ ትራክ ያለው ሰው ራሱን በዕጣ መርጦ ራሱን መመርመር ስለማይችል ነው ሕጉ በሦስተኛ ወገን ያደረገው። «ብቻዬን ነኝ፣ ለምን?» ብለው የሚተዉት ሰዎች ኋላ ኦዲት ላይ የሚወድቁበት ነገር ይህ ነው።

ሰ. ኢኤልዲ አስገጥሙ። የሕጋዊ ስማችሁንና የዲኦቲ ቁጥራችሁን በሁለቱም በር ላይ በ50 ጫማ ርቀት እንዲነበብ አድርጋችሁ ለጥፉ።

አውቶሪቲው «አክቲቭ» ሳይል አንድም ሎድ አትጫኑ። በዚያ መሀል አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ሊሸሻችሁ ይችላል።

6. የመጀመሪያዎቹ ሎዶች

ብሮከሩን መርምሩ። አውቶሪቲው አክቲቭ መሆኑንና የ75,000 ዶላር ቦንዱን ኤፍኤምሲኤስኤ ላይ እዩ፤ የክፍያ ታሪኩን ሎድ ቦርዱ ላይ። የደወለላችሁ ሰው ስልክና ኢሜይል ከተመዘገበው ጋር ካልገጠመ ተዉት፤ ሎዱን የሰረቀ ደላላ ሊሆን ይችላል። ሥራውን ሠርታችሁ ከፋይ ታጣላችሁ።

ሬት ኮንፈርሜሽኑን (የዋጋ ስምምነት ወረቀቱን) ሳትፈርሙ አትነሱ። ዋጋው፣ ሰዓቱ፣ ዲቴንሽን (ሲጫን ወይም ሲራገፍ ለምትጠብቁበት ሰዓት የሚከፈለው) ከስንተኛው ሰዓት ጀምሮ በስንት እንደሚከፈል ይኑርበት። በስልክ የተነገረ ዲቴንሽን አይከፈልም። ስትደርሱና ስትወጡ ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ አስፈርሙ።

ፋክተሪንግ ከመረጣችሁ ሪኮርስ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ሪኮርስ ከሆነ ብሮከሩ ካልከፈለ ገንዘቡን ከእናንተ መልሰው ይወስዳሉ።

7. የኦዲት ፎልደር ከመጀመሪያው ቀን ክፈቱ

አዲስ አውቶሪቲ ለ18 ወር በክትትል ሥር ነው፤ በመጀመሪያው 12 ወር ውስጥም የሴፍቲ ኦዲት ይደረግባችኋል። የምርመራ ፕሮግራም አለመኖር፣ ያለ ኢንሹራንስ መሥራት፣ የሰዓት መዝገብ አለመያዝ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይጥላል። ፎልደሩ ውስጥ የሾፌር ፋይል (አዎ፣ የራሳችሁ)፣ የ6 ወር ሎግ፣ የዓመቱ የትራክ ኢንስፔክሽን፣ የጥገና ደረሰኝና የኮንሶርቲየም ሰርተፍኬት ይኑር። ለኢፍታ ደግሞ የማይልና የነዳጅ መዝገቡን 4 ዓመት አቆዩ።

8. ታክሱን በየሳምንቱ ለዩ

ይህ ለሁለታችሁም ነው። ከክፍያችሁ ማንም ታክስ አይቆርጥም። የራስ ሥራ ታክሱ ብቻ 15.3 ፐርሰንት ነው፤ የገቢ ታክሱ ከዚያ በላይ ነው። ከትርፉ ከ25 እስከ 30 ፐርሰንት ሌላ ሂሳብ ውስጥ አስቀምጡ፤ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ ክፈሉ። ከቤት ርቃችሁ ያደራችሁበትን ቀን መዝግቡ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለሙሉ ቀን 80 ዶላር የምግብ ተመን አለ፤ ለእኛ ሥራ ከዚያ 80 ፐርሰንቱ ከገቢ ይቀነሳል።

ማስጠንቀቂያ

- የሰው ኤምሲ ተከራይታችሁ ወይም ገዝታችሁ አትሥሩ። የባለቤቱ ቅጣት፣ ያልተከፈለ ዕዳና መጥፎ ነጥብ አብሮ ይመጣል።
- የዲኦቲ ቁጥር ባወጣችሁ ማግስት መንግሥት የሚመስሉ ደብዳቤዎችና ስልኮች ይጎርፋሉ። «ዛሬ ካልከፈላችሁ ይሰረዛል» የሚለው በአብዛኛው ማጭበርበር ነው። ፒን ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ፤ በስማችሁ ሎድ የሚሸጡት በእሱ ነው።
- ኢንሹራንስ ካቋረጣችሁ አውቶሪቲው ይሰረዛል። መልሶ ለማንቃት ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል፤ ብሮከሮችም የተቋረጠውን ያያሉ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው

ግሮሱን እንደ ትርፍ ማየት ዋነኛው ነው። «በሳምንት 7,000 እሠራለሁ» የሚላችሁ ሰው ስንት እንደተረፈው ጠይቁት።

በየ2 ዓመቱ የሚታደሰውን ኤምሲኤስ 150 (የካምፓኒያችሁ መረጃ ፎርም) መርሳትም የተለመደ ነው። ወሩ በዲኦቲ ቁጥራችሁ የመጨረሻ አኃዝ ይወሰናል፤ ምንም ነገር ባይቀየርም ማደስ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ከካምፓኒ ሲወጡ የሚሠራ ስህተት ነው። አውቶሪቲው ሳይነቃ ውሉን አፍርሰው ሳምንታት የሚቆሙ አሉ። ካምፓኒ ሥር እየሠራችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፤ የመውጫ ማስታወቂያውን ከአዲሱ ኢንሹራንስ መጀመሪያ ቀን ጋር አግጥሙት። ስትወጡ የካምፓኒውን ስም ከበሩ ላይ አንሱ፣ ሰሌዳውና ኢኤልዲው የእነሱ ከሆኑ መልሱና የተቀበሉበትን ወረቀት አስፈርሙ። የመጨረሻ ክፍያችሁን ለማዘግየት የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው። ውሉ ያበቃበትን ቀን በኢሜይል ጽፋችሁ ላኩላቸው፤ የኢስክሮው 45 ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።